ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅ የጭነት መኪና

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው መንገድ ሁለት ባሕርይ አለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርድና ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ሾፌሩ በሜዳው ላይ ቀኝ እግሩን በአንድ ቦታ ረግጦ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ወራት ይህ ቀላል ድካም አይደለም። ታዲያ በተለምዶ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለውን የፍጥነት መጠበቂያ፣ የቀድሞ ሞተሩ ወጥቶ በሌላ የናፍጣ ሞተር በተተካ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ መግጠም ይቻላልን?

መሣሪያውን የፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ከልጅነቱ ጀምሮ ማየት የተሳነው ሰው ነበር። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ የክራይስለር ኩባንያም በ1958 ሞዴል መኪኖቹ ላይ አዋለው። ሐሳቡ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠማቸው ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ተገፍተው እንፋሎቱን ይቀንሱ ነበር። ዛሬ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው።

የናፍጣ ሞተር ደግሞ የዚህ ሐሳብ የቅርብ ዘመድ በሆዱ ይዞ ይዞራል። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ፔዳሉ የሚያዝዘው አየሩን ሳይሆን ፓምፑ የሚረጨውን የናፍጣ መጠን ነው። ጭነት ያጣ ሞተር ናፍጣ እየተሰጠው ቢቀጥል ራሱን እስኪሰባብር ድረስ ሊፈጥን ስለሚችል፣ በፓምፑ ውስጥ ገዥ የሚባል ክፍል ይገጠማል። አንዱ የገዥ ዓይነት የሞተሩን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዙር ብቻ ጠብቆ መካከሉን ለሾፌሩ እግር ይተዋል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ የፔዳል አቀማመጥ የሞተሩን ዙር ይጠብቃል። በመተማ ማሳ ላይ የሚያርስ ትራክተር ማረሻው ጠንካራ አፈር ሲነክስ ዙሩን ብዙም ሳይቀንስ የሚጎትተው በዚህ በሁለተኛው ነው። በጭነት መኪና ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ስለሆነ የፍጥነት መጠበቂያውን ከውጭ መጨመር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሞተር ቅያሬው ጣጣ ይመጣል። ለቤንዚን መኪና የተሠሩ ብዙ የድሮ መጠበቂያዎች የፔዳሉን ሽቦ የሚስቡት ሞተሩ አየር ሲምግ በሚፈጠረው ክፍተት ነበር። የናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌለው ይህን ክፍተት አይሰጥም። ስለዚህ ሽቦውን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ማሳብ የተሻለ ነው። ፍጥነቱም መለካት ያለበት ከተተካው ሞተር ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ከሚሄደው ዘንግ ነው፤ ማርሽ በተለወጠ ቁጥር የሞተሩ ዙር ከመኪናው ፍጥነት ጋር ያለው ዝምድና ይለወጣልና። የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር ቢሆንና ዘንጉ ጎማው አንዴ ሲዞር አምስት ጊዜ ቢዞር፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዘንጉ በሴኮንድ 33 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዘንጉ ላይ የታሰረች አንዲት ማግኔት ይህን ትቆጥራለች።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። መኪናው 60 ኩንታል ሰሊጥ ጭኖ በድምሩ 10,000 ኪሎ ግራም ይመዝን እንበል። በሜዳ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመሄድ የጎማና የአየር ተቃውሞን ለማሸነፍ 30 ኪሎዋት ገደማ ይበቃዋል። በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር በሚያስወጣ ዳገት ላይ ግን ወደ 80 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ለዓይን ከቁም ነገር የማይገባ ዳገት ነው! መሣሪያው ናፍጣ የሚጨምረው በፍጥነቱ ጉድለት ልክ ብቻ ከሆነ መኪናው ዳገቱን ሁሉ ትንሽ እንደ ዘገየ ይወጣል። ጉድለቱን እያጠራቀመ የሚጨምር ከሆነ ዝግመቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ረጅም ዳገት ላይ ያጠራቀመውን ጫፍ ላይ ሲደርስ ቶሎ ስለማይረሳ መኪናውን ቁልቁል ሊያስፈተልከው ይችላል። ለማጠራቀሚያው ጣሪያ ማበጀት ግዴታ ነው። ደግሞም ባዶውን 4,000 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና የሚስማማው አሳሳብ፣ ሲጫን የዘገየ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ይኸው የተጫነ መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ 137 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቅቃል፤ 400 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ የሚበቃ ማለት ነው። ከፊሉን አየሩ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ናፍጣውን ዜሮ ከማድረግ በቀር አንዳች ነገር አይችልም፤ ፍሬን አይዝም። በእኔ ግምት ከአይከል ወዲያ ባለው ቁልቁለት ማብሪያውን መንካት አይገባም፤ በሜዳውም ቢሆን ከብት መንገድ በሚያቋርጥበት ሰዓት እንዲሁ።

ስለዚህ መሣሪያው ከመያዙ ይልቅ መልቀቁ ይፈተሻል። ፍሬን ሲረገጥ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ አለበት፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥም እንዲሁ፣ አለበለዚያ ጭነት ያጣው ሞተር በድንገት ይጮኻል። የፓምፑን እጀታ የሚመልሱ ሁለት ስፕሪንጎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲመልስ። የመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ቆሞ ነው። ሽቦው እስከ መጨረሻው ይሳባል፣ ፍሬን ይረገጣል፣ እጀታውም ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ ይኖርበታል። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተነቅሎ ያው ይደገማል፤ ከዚያ አንዱ ስፕሪንግ ተፈትቶ እንደገና።