በርጩማና መደብ፦ የማያረጁት የቤት ዕቃዎቻችን

ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለምን አይወላገድም? ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም ሁልጊዜ መሬት ይነካል፤ አራተኛ ሲጨመር ግን አንዱ አየር ላይ ሊቀር ይችላል። ለገጠር ቤት የአፈር ወለል የሚስማማውም ለዚሁ ነው።

ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የነደፈው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ዛሬም ይመረታል። ከባለቤቱ ከአርክቴክት አይኖ ጋር በ1936 ሄልሲንኪ የሠሩት ቤት መኖሪያቸውም ቢሯቸውም ነበር፤ ውስጡንም ራሳቸው በነደፏቸው ዕቃዎች አደራጁት።

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ገጠር የምናውቀው መደብም ሐሳቡ ያው ነው። ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሠራል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ። እንግዳ ሲበዛ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ማለት ይበቃል።

አሁን አሁን ግን አዲስ ቤት ሲሠራ መደቡ ይቀራል፤ የዋንዛው በርጩማ ጓሮ ይጣላል፤ ሳሎኑን የሚሞላ ሶፋ ይገባል። ሶፋ መግዛት ክፋት የለውም። ግን መሠረት ከመቆፈሩ በፊት “ማን የት ይቀመጣል? እንግዳ የት ያድራል?” ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ኋላ ግድግዳ አይገፋማ!

እናንተስ ቤት ከአያት የወረደ በርጩማ አለ?