«ርጉም» ስለሚባለው ቃል ምንጭና ፍች



ለንግሥ በዓል ወደ ገዳማችን ከመጡት ተሳላሚዎች አንዲቱ እኅት፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል በደማምና በአል ኾባር በቤት ሠራተኛነት የኖረች ነበረች። እርስዋም፣ «አባ፣ የቤቱ እመቤት ቁርአን ልታነብ ስትል ሰይጣንን ‹ረጂም› እያለች ስትጠራ እሰማለሁ። የእኛው ‹ርጉም› መሰለኝና ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ ‹ረጂም› እላቸው ነበር፤ ታናሺቱ ግን ታለቅስ ነበር። ቃሉ አንድ ነውን? ልጆቹንስ ረገምኋቸውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ ለብዙዎች የሚጠቅም ስለ ሆነ መልሱን እነሆ አቀርባለሁ።

በግእዝ «ረገመ» ማለት በቃል ክፉን መረቀ፣ ከበረከት ለየ ማለት ነው። «ርጉም»ም ከዚሁ ይወጣል። በዕብራይስጥና በዐረብኛ ግን ይኸው ሥር በድንጋይ መውገርን ያመለክታል፤ በጥንቱ የባቢሎን ሰዎች ቋንቋ ደግሞ መጮኽንና መክሰስን ያመለክታል። ስለዚህ ዐረቦች «ረጂም»ን ከመውገር ጋር አያይዘው ይፈቱታል፤ በሐጅም ጊዜ በመካ አጠገብ በሚና ጠጠር ይወረውራሉ። ቴዎዶር ኖልደክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግን የቁርአኑ ቃል ከኢትዮጵያ የተሻገረው «ርጉም» ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። አርተር ጄፍሪም ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሮዳ በተባለች የሕንድ ከተማ ባሳተመው መጽሐፉ አስፍሮታል። በዚያው ዓመት በደማም 7ኛው ጕድጓድ ዘይት በብዛት ስለ ፈለቀ፣ ኋላ እኅቶቻችን እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱባቸው ከተሞች ማደግ ጀመሩ።

ቃሉ በመጽሐፍ እጅግ የከበደ ነው። በኦሪት ዘዳግም 27ኛው ምዕራፍ 12 ርግማኖች ሲነገሩ ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል ታዝዟል። በየቤታችን ግን እናት የጋለ ምጣድ ሲያቃጥላት «የተረገመ!» ብላ ታልፋለች። በእንግሊዞችም ዘንድ «ዳም» የሚሉት ቃል እንዲሁ ሆኗል። ቃሉ በላቲን መፍረድና መኰነን ማለት ነበር፤ ቀድሞ አታሚዎች ሙሉውን ለመጻፍ አፍረው በመካከሉ ሰረዝ ያደርጉ ነበር፤ ዛሬ ግን ጃንጥላው የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚናገረው ቀላል ስድብ ነው። ቃል በብዙ አፍ ሲመላለስ እንደ አሮጌ ሳንቲም መልኩ ይፋቃል።

እንግዲህ ለእኅታችን የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። ርግማንስ አላደረስሽባቸውም። ሰሎሞን በምሳሌ 26፥2 ያለ ምክንያት የሚሰነዘረውን ርግማን ከሚበር ወፍ ጋር አመሳስሎታል፤ በሰው ላይ አያርፍምና። በለዓምም ሊረግም ተቀጥሮ ሳለ ባርኮ ተመልሷል። ነገር ግን «ርጉም» በአንቺ አፍ የተፋቀ ሳንቲም ሲሆን፣ «ረጂም» በሕፃኒቱ ጆሮ ገና ያልተፋቀ ነበር። እናትዋ ቃሉን ለሰይጣን ብቻ ስትናገረው ትሰማ ነበርና፣ አንቺ «አስቸጋሪ» ማለትሽ ሲሆን እርስዋ «ሰይጣን» ተብዬ ተጠራሁ ብላ አለቀሰች።

እኅታችንም ጥቂት ዝም ብላ፣ «አባ፣ አሁን አድጋለች፤ ስልክ ስንደዋወል እነግራታለሁ» አለችኝ።

እኛም የቋንቋ ተማሮች ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። የቃልን ምንጭ ማወቅ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ከተናጋሪው ይልቅ ሰሚው ነው።