ዋጋው ርካሽ የሆነ የመስክ ቢላዋ ጥንካሬ እንዴት ይመረመራል?

ርካሽ ዕቃ ሁሉ የተናቀ፣ ውድ ዕቃም ሁሉ የተመረጠ አለመሆኑን በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ አንዱን ርካሽ ዕቃ ከሌላው ርካሽ ዕቃ ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም፤ ይልቁንም ጉድለቱ በዐይን የማይታይ በሆነ ጊዜ ችግሩ ይበረታል። ከዚህ ዐይነት ዕቃዎች አንዱ እረኛው፣ ገበሬው፣ መንገደኛውና የደን ሠራተኛው በወገባቸው ታጥቀውት የሚውሉት አነስተኛ የመስክ ቢላዋ ነው። ሁለት ቢላዎች በመልክም በክብደትም በዋጋም እኩል ሆነው ሳለ፣ አንደኛው ለዓመታት ሲያገለግል ሌላው በሳምንቱ ይደንዛል፤ ወይም ከእጀታው ሥር ይሰበራል። ስለዚህ ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ልዩነቱን የሚያረጋግጥበትን መንገድ ማወቅ ይገባዋል።

ምርመራው መቅደም ያለበት ስለ ምንድን ነው?

ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ነው። ይህን አሠራር የሚመራው ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የደንቡ 5ኛ አንቀጽ ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ ሰነዱ በሚመለከተው ዕቃ እንዳልሆነ ይናገራል። ይኸውም ማለት ሻጩ ያቀረበው ሰነድ ከተጠየቀው ጋር የተስማማ እስከ ሆነ ድረስ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ቢላዋ እንደ ቆርቆሮ የለሰለሰ ቢሆንም እንኳ ባንኩ ይከፍላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አስመጪው ክስ ማቅረብ ቢችልም ገንዘቡ ከእጁ ወጥቷል፤ ዕቃውም በመጋዘኑ ተከማችቷል።

ጉዳቱ በአስመጪው ብቻ አያበቃም። ባለሱቁ የሸጠው ቢላዋ በተሰበረ ጊዜ ደንበኛው የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ባለሱቁ ደጃፍ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በሥራ ላይ ሳለ የተሰበረ ቢላዋ እጅን ማቁሰሉ ነው። እንግዲህ የናሙና ምርመራ ለካፒታልም፣ ለስምም፣ ለሰው አካልም ጥበቃ ነው።

ብረቱና እሳቱ

የቢላዋ ጠባይ የሚወሰነው በብረቱ ዐይነት ብቻ ሳይሆን ብረቱ በእሳት በተሠራበት ሁኔታ ጭምር ነው። ተራው የካርቦን ብረት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማያንስ ሙቀት ግሎ በዘይት ወይም በውሃ ድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በ200 ዲግሪ አካባቢ እንደ ገና እንዲሞቅ ይደረጋል፤ በዚህም ጊዜ ከጥንካሬው ጥቂቱን ለቆ በፈንታው ያለመሰበርን ጠባይ ያገኛል።

ሥራውን ለማፋጠን ሲባል ሁለተኛው ማሞቅ ከተጓደለ ቢላዋው ይሸረፋል፤ ይሰበራልም። የመጀመሪያው ግለት በቂ ካልሆነ ወይም ማቀዝቀዙ ከዘገየ ደግሞ ስለቱ ይለሰልሳል፤ ቶሎም ይታጠፋል። ሁለቱም ጉድለቶች ከተወለወለ ብረት በታች ስለሚደበቁ በመመልከት ብቻ አይታወቁም።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

ነጋዴው ሊጠይቀው የሚገባው ዋነኛ ጥያቄ «ዋጋው ለምን ዝቅ አለ?» የሚለው ሳይሆን «ዋጋው የተቀነሰው ከምኑ ላይ ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በስዊድን አገር በሞራ ከተማ አካባቢ የሚሠራው ቢላዋ ነው። ፍሮስት ኤሪክ ኤርሰን የተባለው ሰው ኦስትኖር በምትባል መንደር ፋብሪካውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1891 ነበር። በዚያችው መንደር በ1912 የተመሠረተው የኤሪክሰን ፋብሪካ ከዚህኛው ጋር በ2005 ተዋሕዶ ዛሬ ሞራክኒቭ በሚል ስም ይታወቃል።

የዚህ ፋብሪካ ርካሽ ቢላዋ፣ ለምሳሌ ኮምፓኒየን የሚባለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት አለው። እጀታውና አፎቱ ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ጌጥ የለውም። ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጅራትም እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም። የብረቱ ጥንካሬ ግን አልተነካም፤ በሮክዌል መለኪያ የካርቦን ብረቱ ከ58 እስከ 60፣ የማይዝገው ብረት ደግሞ ከ56 እስከ 58 ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋው የተቀነሰው ከመልኩ፣ ከእጀታውና ከጅራቱ እንጂ ከስለቱ አይደለም። መጥፎው ርካሽ ቢላዋ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ የተቀረጸ እጀታና ያማረ አፎት ይኖረዋል፤ የተጓደለው ግን እሳቱ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ናሙናው አንድ ቢላዋ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሻጭ ከሁሉ የተሻለውን መርጦ መላኩ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ቢቻል ከልዩ ልዩ ሣጥን የወጡ ቢያንስ 3 ቢላዎች ይፈተኑ፤ በአጠገባቸውም ጥሩነቱ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ቢላዋ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። ፈተናዎቹ ቢላዋውን ከማይጎዳው ተጀምረው በሚሰብረው መጨረስ አለባቸው። መርማሪው የቆዳ ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር ማድረግን እንዳይዘነጋ።

1ኛ፤ በዐይንና በእጅ መመርመር። ብረቱ ቀጥ ያለ መሆኑ፣ ስለቱ በሁለቱም ወገን እኩል መሞረዱ፣ ብረቱ ከእጀታው ጋር በተገናኘበት ስፍራ ክፍተት አለመኖሩ ይታያል። ቢላዋው በአፎቱ እንዳለ ተዘቅዝቆ ሲነቀነቅ መውደቅ የለበትም። እጀታውም በውሃ ወይም በዘይት በረጠበ እጅ ሲያዝ እንዳያንሸራትት ይፈተናል።

2ኛ፤ የሞረድ ፈተና። አዲስና ስል ሞረድ በቢላዋው ደንደስ ላይ በቀስታ ይገፋል። ብረቱ በሚገባ የጠነከረ ከሆነ ሞረዱ ብዙ ሳይነክስ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ለስላሳ ከሆነ ግን በቀላሉ ነክሶ ብናኝ ያወጣል። አንዳንድ ቢላዋ ስለቱ ብቻ እንዲጠነክር ተደርጎ ስለሚሠራ ደንደሱ የለሰለሰ እንደ ሆነ በስለቱ አጠገብ እንደ ገና መሞከር ያሻል። የሮክዌል መሣሪያ ያለው የብረት ሥራ ድርጅት ከተገኘ ግምቱ በቁጥር ይረጋገጣል። ይህ መሣሪያ ጫፉ 120 ዲግሪ የሆነ የአልማዝ ሾጣጣ በ150 ኪሎ ግራም ክብደት ብረቱ ላይ ተጭኖ የገባበትን ጥልቀት የሚለካ ነው።

3ኛ፤ ስለት የመያዝ ፈተና። ቢላዎቹ ሁሉ በአንድ ድንጋይ በእኩል ከተሳሉ በኋላ፣ በአንድ ዐይነት የቃጫ ገመድ ላይ እየተቆጠረ ይቆረጣል። በየ20ው ቁርጥ ቢላዋው ቀጭን ወረቀት ሳይቀድድ መቁረጡ ይፈተናል፤ መቁረጥ ያቆመበትም ቁጥር ይመዘገባል። በላቦራቶሪ የሚሠራው ፈተና በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ ኤስ ኦ 8442 5ኛ ክፍል የተወሰነ ነው፤ በዚያ ማሽኑ የአሸዋ ቅንጣት የተቀላቀለበትን ወፍራም ወረቀት በተወሰነ ኃይል እየቆረጠ የገባበትን ጥልቀት ይለካል። የገመዱ ፈተና የዚያን ያህል ትክክለኛ ባይሆንም ሁለት ቢላዎችን ለማበላለጥ ይበቃል።

4ኛ፤ የዝገት ፈተና። ቢላዋው በጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሌሊት ያድራል። የካርቦን ብረት ከሆነ መዛጉ ጉድለት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ነገር ግን «አይዝግም» ተብሎ የተሸጠ ቢላዋ ሰፊ ዝገት ካሳየ ወይም ከተበሳሳ የሻጩ ቃል እውነት አይደለም ማለት ነው። በእጀታው መግቢያ ያለው ስፍራ በተለይ ይታይ፤ ውሃ ተደብቆ የሚቀረው በዚያ ነው።

5ኛ፤ የእንጨት ፈተና። በቢላዋው ደረቅ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ለሩብ ሰዓት ያህል ይጠረባል፤ ከዚያም ደንደሱ በዱላ እየተመታ ቀጭን ፍልጥ ይፈለጥበታል። በኋላ ስለቱ በብርሃን ፊት ሲታይ ታጥፎ ከተገኘ ብረቱ ለስልሷል፤ ተሸርፎ ከተገኘ ከመጠን በላይ ደርቋል። እጀታው መነቃነቅ መጀመሩም የሚታወቀው በዚሁ ጊዜ ነው።

6ኛ፤ የማጉበጥ ፈተና። የቢላዋው ጫፍ አንድ ሦስተኛው በሞርሳ ተይዞ ወደ ጎን 15 ዲግሪ ያህል ይገፋና ይለቀቃል። ጥሩ ብረት ወደ ቀጥታው ይመለሳል፤ ለስላሳው ጎብጦ ይቀራል፤ ደረቁ ይሰበራል። በመጨረሻ ናሙናው ሆን ተብሎ ይሰበርና ስብራቱ ይመረመራል። እንደ ከፋይ የለሰለሰና ግራጫ የሆነ ስብራት የመልካም አሠራር ምልክት ነው፤ እንደ ስኳር ቅንጣት የሻከረ ከሆነ ግን ብረቱ ከመጠን በላይ መጋሉን ያመለክታል።

ውጤቱን በትክክል ስለ መተርጎም

ማንኛውም ዕቃ መፈተን ያለበት ለተሠራበት ተግባር ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢላዋ መጥረቢያ አይደለም፤ ድንጋይ ቢፈነቅሉበት ወይም የሣጥን ክዳን ቢገነጥሉበት ቢሰበር ፋብሪካው አይወቀስም። ከባድ ሥራ ለሚሠራ ደንበኛ ወፍራም ብረት ያለው ወይም ጅራቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚደርስ ቢላዋ መስጠት ይገባል። የስዊድኑ ፋብሪካም ለዚህ ብሎ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የኮምፓኒየን ዐይነት፣ እንዲሁም ጅራቱ ሙሉ የሆነውን ጋርበርግ የተባለውን ቢላዋ ይሠራል። ይህን አስቀድሞ ለገዢው የሚናገር ባለሱቅ ብዙ ክርክርን ያስቀራል።

ዋጋውም መመዘን ያለበት ከአገልግሎቱ ዘመን ጋር ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ቢላዋ በ200 ብር ተሽጦ 4 ወር ቢያገለግል፣ ሌላው ደግሞ በ300 ብር ተሽጦ 3 ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው ለገዢው በየወሩ 50 ብር ሲያስወጣው ሁለተኛው 8 ብር ከ33 ሳንቲም ብቻ ያስወጣዋል። በመደርደሪያ ላይ ርካሽ የመሰለው በሥራ ላይ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ከምርመራው በኋላ

ናሙናው ፈተናውን ካለፈ፣ ከእርሱ ጋር አንድ የሆኑ ሁለት ቢላዎች በሻጭና በገዢ ማኅተም ታሽገው አንዱ በሻጩ ሌላው በገዢው እጅ ይቀመጡ። በውሉም ላይ የብረቱ ዐይነት፣ የሮክዌል ጥንካሬው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ፣ ውፍረቱና የእጀታው ዐይነት ይጻፍ፤ «ጥሩ ጥራት ያለው» የሚለው ቃል ብቻውን በክርክር ጊዜ አይረዳም። ባንኩ የሚመለከተው ሰነድ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ መታየቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን በመተማመኛ ሰነዱ ላይ ማስገባት ይጠቅማል። የታሸገ ናሙና ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ነጋዴም እንዲሁ መከታ ነው፤ ገዢው ያለ አግባብ ቢከስሰው የሚመልስበት ማስረጃ ይሆነዋል።

በጉምሩክ በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት የመስክ ቢላዋ የሚመደበው በ82.11 ሲሆን፣ ቆንጨራ ግን ከመጥረቢያና ከማጭድ ጋር በ82.01 ይመደባል። ሁለቱን በአንድ ስም አጠቃሎ ማስመዝገብ መዘግየትንና ተጨማሪ ወጪን ሊያስከትል ይችላል።

ሦስት ቢላዋ ሰብሮ መመርመር ለጊዜው እንደ ብክነት ይታይ ይሆናል። ሆኖም በሺህ የሚቆጠር የማይሸጥ ቢላዋ በመጋዘን ከማከማቸትና ደንበኛን ለዘለዓለም ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። ርካሽና ጠንካራ ዕቃ በገበያ ላይ አለ፤ የሚያገኘው ግን ከመግዛቱ በፊት የፈተነ ነጋዴ ነው።