ዕድሜ ጠግበው ስላረፉ ዘመዶች መታሰቢያ



አንዲት አሮጊት በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ባረፉ ጊዜ፥ አጽናኞች ወደ ኀዘን ቤቱ ገብተው ብዙ ጊዜ የሚናገሩት አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ዕድሜ ጠግበዋል፤ ልጅ የልጅ ልጅ አይተዋል» የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእርሳቸው ጀርባ ታዝሎ ያደገውን የልጅ ልጅ ዝም አያሰኘውም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈ ያዕቆብ የሞተው በ147 ዓመቱ ነው፤ ዮሴፍ ግን የግብፅ ሹም ሆኖ ሳለ በአባቱ ፊት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ስለዚህ አርጅቶ ለሞተ ሰው የሚያለቅሰውን አንገሥጸው።

ቤተ ክርስቲያን ልቅሶውን ሳትከለክል በቀን ቀጥራ ወደ ጸሎት ትመራዋለች። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሲታሰብ የጌታ ትንሣኤ ይታሰባል፤ ሰባተኛው ቀን ዮሴፍ ለአባቱ ያደረገውን የሰባት ቀን ልቅሶ ይመስላል፤ ሠላሳኛውም እስራኤል ለአሮንና ለሙሴ ያለቀሱበት የቀን ቁጥር ነው። አርባውና ሰማንያው ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ተጽፏል፤ ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሰው ወደ ዓለም በመጣ ጊዜ የተቈጠረለት ቍጥር፥ ከዓለም በወጣም ጊዜ ይቈጠርለታል። ከዚያም ሙት ዓመቱ ይከተላል፤ የቻለም ሰባት ዓመቱን ያስባል።

ይህ ሁሉ በወሎ ያለ ጎረቤት አይፈጸምም። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በእኛ ዘንድ ቅሬ ይባላል። ቅሬው ድንኳን ይተክላል፤ መቃብር ይቈፍራል፤ አስከሬን ይሸከማል፤ የቀረውንም ይቀጣል። በብዙ ሰፈር እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ናቸው፤ ንፍሮውን የምታመጣው ጎረቤት የየትኛው ሃይማኖት እንደ ሆነች አይጠየቅም፤ በተዝካርም ቀን ለሁለቱም ወገን እርዱ ለየብቻ ይሆናል። ዝምድናውም እንዲሁ የተቀላቀለ ነው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው አስቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ስለ ወጪው ጥቂት እንናገር። ተዝካር ለማውጣት በሬ በብድር ገዝቶ፥ የሟችን መሬት አስይዞ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚያስርብ ሰው አለ። ሟቿ ሲጦሩ ያልጐበኛቸው ልጅ በሞቱ ቀን ትልቁን ድንኳን ሲያስተክል ማየትም አዲስ ነገር አይደለም። ጸሎተ ፍትሐቱ፥ ቍርባኑና ለድሃ የሚሰጠው እንጀራ እንጂ ድግሱ ግዴታ አይደለም። መታሰቢያም በማዕድ ብቻ አይወሰንም። በደሴ ያለው የወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፥ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው፤ የደሴ ልጅ የእኒያን እናት ስም በደብተሩ ላይ እየጻፈ ፊደል ቈጠረ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ፥ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ መካከል ባሉበት ጊዜ፥ ብዙ ሕዝብ ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ዘመን ሽማግሌና አሮጊት መንገድ አይችሉም፤ ከቤት የቀረ አለ፤ በስደት ያረፈም አለ። አርባውን በቀኑ ያላደረሰ ሰው «አያቴን በደልሁ» እያለ ሊጨነቅ አይገባውም። ቀኑ ለሕያዋን ማስታወሻ ተሰጠ እንጂ እግዚአብሔር በቍጥር አይታሰርም፤ በተመለሰ ጊዜ ለካህኑ ነግሮ ጸሎቱን ያስደርስ።

ካህኑም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» ብሎ ነው፤ ፍትሐት የሚደርሰው በዚያ ስም ነውና። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ። አያታቸውን ዕድሜ ልካቸውን «እማማ» እያሉ ጠርተው፥ በጥምቀት ወለተ ማርያም ይባሉ ወይም ወለተ ሚካኤል ሳያውቁ የቀሩ አሉ። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውለው የሚያድሩ፥ ወደ ደሴ ዳገቱን የሚወጡት ለበዓል ብቻ የሆኑ ወጣቶች በዚህ ይበልጥ ይቸገራሉ። የክርስትና እናታቸው እንኳ ከብዙ ዘመን በፊት ያረፉ ናቸው። ቢሆንም ስሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የንስሐ አባታቸው ያውቁታል፤ አብረዋቸው ጽዋ የጠጡ የማኅበር እኅቶቻቸውም ያውቁ ይሆናል። አያቱ በሕይወት ያሉለት ደግሞ በሚመጣው እሑድ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ራሳቸውን ይጠይቃቸው፤ የአባታቸውንና የእናታቸውንም ስመ ክርስትና ጨምረው ይነግሩታልና፥ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ።