ድነናል፣ እየዳንን ነው፣ እንድናለን

እኛ የሆሳዕና ነዋሪዎች የከተማችንን ስም በጠራን ቁጥር ሳናስተውል እንጸልያለን። ሆሳዕና የዕብራይስጥ ቃል ሲሆን “እባክህ፣ አሁን አድን” ማለት ነው (መዝ. 118፥25)። ወንጌላውያኑ ቃሉን ሳይተረጉሙ ድምፁን እንዳለ በግሪክ ፊደል ጻፉት (ማቴ. 21፥9)። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት ግን በመዝሙሩ ላይ “ሶሶን” ብለው ተርጉመውታል። ይህም “ሶዞ” የሚለው ግሥ ትእዛዝ አንቀጽ ነው።

“ሶዞ” እንደ አማርኛው “ማዳን” ለሥጋም ለነፍስም ያገለግላል። ጌታ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ለኖረችው ሴትና እግሩን በእንባዋ ላጠበችው ኃጢአተኛ እምነታቸው እንዳዳናቸው የነገራቸው በአንድ ቃል ነው፤ “ሴሶኬን” (ማር. 5፥34፤ ሉቃ. 7፥50)። ይህ የግሡ ቅርጽ ተፈጽሞ ውጤቱ ጸንቶ የሚኖር ሥራን ያመለክታል።

አንድ ቀን ከሴቶች ጸሎት በኋላ አንዲት እህት ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ “እህቴ፣ ባለቤቴ በእውነት ድኖ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይናገረኝ ነበር?” አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። በዚያው ቀን ጠዋት ቡና ላይ እኔም ባለቤቴን በቁጣ መልሼለት ነበርና።

በኋላ አብረን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትን። ጳውሎስ ይህን ግሥ በሦስት ጊዜ ይጠቀምበታል። በኤፌሶን 2፥8 ድነናል፤ በጸጋ የተፈጸመ ነው፣ ምንም አንጨምርበትም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ግሪኩ “ሶዞሜኖይስ” ይላል፤ በመዳን ላይ ያሉ ማለት ነው። በሮሜ 5፥9 ደግሞ ገና እንድናለን።

ብዙዎቻችን ለራሳችን የመጀመሪያውን እንወስዳለን፤ ከትዳር ጓደኛችን ግን የመጨረሻውን ዛሬውኑ እንጠብቃለን። ቤታችን ግን በመዳን ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች የሚኖሩበት ነው። ይህ ለሚማታ እጅ መሸፈኛ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌዎች ፊት መቅረብ አለበት። ለሻካራ አንደበትና ለቶሎ ቁጣ ግን ትዕግሥትን ያስተምረናል።

ያቺ እህት ስትሰናበተኝ፣ “እንግዲያው እኔም ገና ነኝ” ብላ ፈገግ አለች።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ድምፅ ከፍ ሲል የከተማችንን ስም አስታውሱ። ጌታ ሆይ፣ እባክህ አሁን አድን፤ አስቀድመህም እኔን። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።