ሞተሩ ሳይጠፋ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አንድ ቤተሰብ ላስጎበኝ ይዤ፣ እንጅባራ አካባቢ ወዳለው ጥርባ ሐይቅ የታጠፍኩበት ቀን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አባትየው ከአፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩና፣ ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ይኸው ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው በስልኩ ፎቶ አነሳ። ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ አንድ እረኛ፣ የሚጠይቀኝ ካለ ብሎ ይመስለኛል፣ ከጎናችን ቆሞ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ዞረን ወደ አስፋልቱ ወጣን።

በሰውየው አልፈርድም። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ስንት አገር ያቋረጠው ጄምስ ብሩስ እንኳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ደስታው ሳይውል ሳያድር ቅስሙ እንደተሰበረ ራሱ ጽፏል። ዓለም የሚያውቀው ቦታም ቢሆን «ይኸው ነው?» ከመባል አላመለጠም።

እኔን የሚያናድደኝ ከጉዞው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው። የሚደውልልኝ ሁሉ «ጥርባ ከዘንገና ይበልጣል? ካልበለጠ ለምን እንደክማለን?» ይለኛል። ሐይቅ እንደ ፋሲካ በግ ላቱ ተዳብሶ አይመረጥም። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ውሃዎች ናቸው። ዘንገና ስሙ የገነነው በውበት በልጦ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት አጠገቡ ስለሚያልፍ ነው። አውቶቡስ ይቆማል፣ ጦጣ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ሌላ ሰው ይጠራል። ጥርባ ገባ ስለሚል ይህ ዕድል አልገጠመውም። አገራችን ውስጥ «ታዋቂ» የሚባለውን ግማሹን ያወጣው መንገድ ሠራተኛ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። እንግዲህ ዝናን አይቶ የሚወስን ሰው፣ ሳያውቀው የመንገድ ካርታ እያነበበ ነው።

ደግሞ ዘንገና ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃል ይባላል፤ ከዳር ለቆመ ሰው ግን ይህ ጥልቀት አይታይም። ፏፏቴ ሰውን ጮሆ ይጠራል። ዝም ብሎ የተኛ ውሃ ግን ቁጭ ብሎ የሚያየው ይፈልጋል። ነፋሱ ሲመጣና ሲሄድ ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ከብት ለማጠጣት የሚወርደው ሰው በየትኛው በኩል እንደሚወርድ፣ ለምን በዚያ በኩል እንደሆነ የሚገባህ ቆይተህ ነው። ይህን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ላሳይ ብል አልችልም፤ ሌላውም አስጎብኚ አይችልም።

ስለዚህ «ያዋጣል ወይ» ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ስንት ሰዓት አለህ? ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠዋት ተነስቶ ውሎ ለሚመለስ ሰው ይበቃል። እንጅባራ ለሚያድር ደግሞ ይተርፋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ባሕር ዳር ለመግባት የሚሮጥ ሰው ግን ጥርባን ከፕሮግራሙ ያውጣው። ድርጅቶች «መንገድ ላይ ስለሆነ» ብለው በዝርዝራቸው ሲጨምሩት ሳይ ይደክመኛል።

ወሩም ወሳኝ ነው። ሐይቆቹ ያሉበት አዊ ዝናብ የማይነፈገው አገር ነው፤ ክረምት ላይ ከአስፋልት የወጣ መኪና ጭቃ ይይዘዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መሬቱ ይደርቃል፣ አረንጓዴው ግን ገና አልሄደም። ጥር 23 በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ትርዒቱም ትርዒት ነው። ነገር ግን አልጋ ቀድሞ ይያዝ፤ ሐይቁንም ለሌላ ቀን ይተወው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ ሰላሙ ነው። በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። አዲስ አበባ ያለውን ወኪል ሳይሆን እዚያው የሚኖር ሰው፣ በሚነሱበት ቀን ጠዋት ደውለው ይጠይቁ። «ዛሬ አትምጡ» ካለ አይከራከሩት።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ግማሽ ቀን ካለዎት ወደ ጥርባ ይምጡ። ግማሽ ቀን ከሌለዎት ዘንገና ቆመው ውሃ ጠጥተው ይለፉ፤ ጥርባን በቸኮለ ዓይን ከማየት አለማየት ይሻላል።