እምቢታ ወይስ ሕመም?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወዳጃችን ከቢሮ ስንወጣ ወደ ሻይ ቤት ወሰደንና ብርጭቆውን ሲያማስል ቈይቶ፤ «ልፈታት ነው» አለን። ሠርጉን ከበላን ገና ዓመት ስላልሞላው ደነገጥን። ምን አጠፋች ብንለው ሙያዋም ጠባይዋም የማይነቀፍ መሆኑን ከነገረን በኋላ አንገቱን ደፍቶ፤ «ትጠላኛለች፤ ከሠርጋችን ሌሊት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ባልና ሚስት ሆነን አናውቅም፤ በቀረብኋት ቍጥር ሰውነቷ ድንጋይ ይሆናል» አለ። ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ነበር። ግን ሽማግሌው ምን ብሎ ያስታርቅ?

እኛ ሐኪም አይደለንም። ይሁን እንጂ ወዳጃችን የገለጠው ነገር ጥላቻ ሳይሆን ሐኪሞች ስም ያወጡለት ሕመም ሊሆን እንደሚችል እናውቅ ነበር። ስሙ ቫጂኒስመስ ይባላል። አቧራ ሲመጣበት ዓይን ሳናዝዘው እንደሚጨፈን ሁሉ፤ በሴቲቱ ብልት ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች እርሷ ሳታዝዛቸው ይኮማተራሉ። ባልዋን ብትወደውም፤ ልጅ ብትመኝም ይኮማተራሉ። አንድ ቀን ያመማት ሴት የሚቀጥለውን ሌሊት ገና በቀን ትፈራዋለች፤ ፍርሃቱም በተራው ጡንቻውን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

ይህን ስም የሰጠው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860ዎቹ መጀመሪያ ማሪዮን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ያቀረበውም ፈውስ በቢላዋ መቅደድ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን በሴይንት ሉዊስ ከተማ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ተቀብለው ማከም ያዙ። በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍም ታካሚው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ብዙ ተለውጧል፤ ይህ ሐሳብ ግን ቀርቷል።

ሕክምናው እንዴት ነው ለሚል፤ መጀመሪያ የማኅፀን ሐኪም ታሪኳን ይጠይቃል፤ ከፈቀደችም ይመረምራል። ሕመም ሁሉ ከጡንቻ አይመጣምና። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ቍስል ሊሆን ይችላል፤ ጡት የምታጠባ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ሆርሞኗ ስለሚቀንስ ብልቷ ይደርቃል። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ነገሩ የጡንቻ ከሆነ ግን ትምህርት ነው የሚያስፈልገው። እስትንፋሷን እያረጋጋች ጡንቻውን ማጥበቅና መልቀቅ ትለማመዳለች። ቀጥሎም ከጣት የማይወፍር፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ለስላሳ መሣሪያ በራሷ እጅ፤ በራሷ ጊዜ ትጠቀማለች፤ ሳምንታት ሲያልፉ ወደሚወፍረው ትሸጋገራለች። የሥነ ልቡና አማካሪው ደግሞ በልጅነቷ ስለዚህ ነገር ምን እንደ ተነገራት፤ የደረሰባት ግፍ ይኖር እንደ ሆነ ቀስ ብሎ ይጠይቃታል። ባልየው የሚታዘዘው ለጊዜው ሩካቤን ፈጽሞ እንዲተው ነው። መዳሰስና መተቃቀፍ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። (ለሙሽራ ከዚህ የመረረ ትእዛዝ መኖሩን እንጃ!)

ክኒን የለውም ወይ የሚሉ አሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ፍሊባንሰሪን የተባለ ክኒን ፈቅዷል፤ እርሱ ግን ያን ጊዜ የተፈቀደው የወር አበባቸው ሳይቋረጥ ፍላጎት ለጠፋባቸው ሴቶች ነበር እንጂ ለዚህ ሕመም አይደለም፤ ጥቅሙም መጠነኛ ነው።

በአገራችን ደግሞ የግርዛት ነገር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ከመቶው 65ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን አስቀድሞ የተቈረጠውን አይመልስም። በአፋርና በሶማሌ እንደሚደረገው ብልቷ ለተሰፋ ሴት የጡንቻ ልምምድ ብቻውን ምን ይረባል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ የተሰፋው በሠለጠነ እጅ እንዲከፈትና የሥነ ልቡና ምክርም አብሮ እንዲሰጥ ይመክራል። በሠርግ ሌሊት ግን ይህን ሥራ ከባልየው የሚጠብቁ አሁንም አሉ።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። «ያምሻል ወይ ብለህ ጠይቀሃታል?» ብንለው ዝም አለ። ለካስ አንድ ቀን አልጠየቃትም! በማግሥቱ ጠየቃት፤ አለቀሰች። በዓለም ላይ እንዲህ የሆነች ሴት እርሷ ብቻ ትመስላት ነበር። መጀመሪያ የሄዱበት ሐኪም፤ «ልጅ ስትወልጂ ይተውሻል፤ ዘና በይ» ብሎ ሸኛቸው። እንዴት አድርጋ ልትወልድ እንደምትችል አልነገራቸውም። ሁለተኛይቱ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ ሳታነሣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ አነጋገረቻቸው።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሻይ ቤት አገኘነው። ሕክምናው አላለቀም፤ በየሁለት ሳምንቱ አብረው ይሄዳሉ። ሽማግሌ እንዲሆኑለት የለመናቸው አንድ አጎቱ መቼ እንምጣ እያሉ ስላስቸገሩት ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ጨንቆታል።